ዲስክ የማይገባበት ላፕቶፕና የጋራ ፍላሻችን



በዚህች መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ስኮላርሺፕ ገንዘብ መዘግየት፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድ እድሳት፣ ስለ ቤት ኪራይ በተደጋጋሚ ተጽፏል፤ መጻፉም ተገቢ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከእነዚህ ጋር ሲተያይ ኢምንት ሊመስል ይችላል፤ የዲስክ ማስገቢያ በሌለው ላፕቶፕ ላይ ጸረ ቫይረስ እንዴት ይጫናል የሚል ነውና። ነገር ግን በዚሁ ኢምንት በሚመስል ጉዳይ ሳቢያ ከመካከላችን አንዲት እኅታችን የወራት ሥራዋን አጥታለች። ጥፋቱ ደግሞ ሩቅ አገር የተቀመጠ የሌባ ብቻ አይደለም። ፍላሹን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ስለሆነም ይህ ጽሑፍ ሂስ ከመሆኑ በፊት ግለሂስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እኅታችን የኅብረተሰብ ጤና የማስተርስ ተማሪ ናት። አሮጌው ላፕቶፗ ስለተበላሸባት እዚህ ካይሮ ባብ ኤል ሉቅ አካባቢ ካሉት የኮምፒዩተር ሱቆች ከአንዱ አዲስ ገዛች። ሻጩም በፕላስቲክ የታሸገ የጸረ ቫይረስ ካርቶን ጨምሮ አስያዛት፤ ከወር ገንዘቧ ቀንሳ ከፈለች። ማታ በጋራ ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ካርቶኑ ተከፈተ። በውስጡ የሚያብረቀርቅ ዲስክ፣ አንዲት ትንሽ ካርድ፣ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት ተገኘ። አራት ሆነን ላፕቶፑን አገላበጥነው። በቀኝ አየነው፣ በግራ አየነው፤ የዲስክ ማስገቢያ የሚባል ነገር የለውም። «ሱቁ አታሎሻል» ያለ ነበር። «እንጀራ በሚያክል ስስ ላፕቶፕ ውስጥ የድስት ክዳን ልታስገቢ ነው?» ብሎ ያሳቀንም ነበር። ካርዷን ግን ማንም ልብ አላላትም። ዲስኩ ከነካርቶኑ መደርደሪያ ላይ ወጣ፤ እኔም «ለዚህ ብለሽ አትጨነቂ፤ እኔ ፍላሽ ላይ አለኝ» አልኳት።

ያ ፍላሽ በመኖሪያችን የታወቀ ነው። የአናቶሚ ሥዕሎች፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች፣ የትዝታ ዘፈኖች፣ የአገር ቤት ፊልሞች ተጠራቅመውበታል። ክራክ የተደረገ ጸረ ቫይረስም ነበረበት። ከማን እንደ መጣ የሚያውቅ የለም፤ ከእኛ በፊት ከተመረቁት እጅ በእጅ የወረስነው ነው። ከፕሮግራሙ ጋር አጭር መመሪያ አለ። የመመሪያው የመጀመሪያ መሥመር «ከሁሉ በፊት የኮምፒዩተሩን መከላከያ አጥፉ» ይላል። አጠፋንለት።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አንድ መድኃኒት «ከመዋጤ በፊት የሰውነትህን ነጭ የደም ሕዋሳት አስወግድ» የሚል ወረቀት ይዞ ቢመጣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ እንኳ ይስቅበታል። እኔ ግን አራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ሆኜ ሳልስቅ ፈጸምኩት። ጸረ ቫይረስ ለማስገባት ብዬ ያለውን ጸረ ቫይረስ አጠፋሁ። በሩን ለሌባው የከፈትኩት በገዛ እጄ ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት እኅታችን የመመረቂያ ጽሑፏን ልትከፍት ብትሞክር እምቢ አለ። የሰነዶቿ ሁሉ ስም ጭራ ተለውጧል፤ የሚነበበው በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ መልእክት ብቻ ነው፤ ፋይሎቹ መቆለፋቸውን፣ መክፈቻውን ለማግኘት በቢትኮይን መክፈል እንዳለባት የሚገልጽ። ራንሰምዌር የሚባለው ይኸው ነው። ስለ ነፍሰ ጡር እናቶች የደም ማነስ ለምትሠራው ጥናት ከክሊኒክ መዝገብ የለቀመችው የ212 እናቶች መረጃ በዚያ ውስጥ ነበር። 80ውን አስቀድማ ለአማካሪዋ ልካለች። የቀሩት 132 ተቆልፈው ቀሩ፤ የጻፈቻቸው ምዕራፎችም እንዲሁ። ደግነቱ የመጀመሪያዎቹን የወረቀት ቅጾች አልጣለቻቸውም ነበርና እያንዳንዷን ቅጽ እንደገና አስገባች። ይሁን እንጂ ጥናቷን የምታቀርብበት ጊዜ ወደሚቀጥለው ሴሚስተር ተላለፈ፤ የስኮላርሺፑ ጊዜ ግን አብሮ አልተላለፈም። ዛሬ የምታድረው በሁለት እኅቶቻችን ክፍል ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግታ ነው።

ይህን ሁሉ የተናገርኩት ቢሆንም ዋናውን ጥፋቴን ገና አልተናገርኩም። ፋይሎቿ በተቆለፉበት ዕለት ፍላሹን ወደ ዩኒቨርሲቲው የኮምፒዩተር ክፍል ወስጄ አስፈተሽኩት። ቫይረሱ እዚያው ክራኩ ውስጥ ተገኘ። አወቅሁ፤ ግን ዝም አልኩ። ዘጠኝ ቀን ዝም አልኩ። «ሰው ምን ይለኛል? ሐኪም ልሆን ነው እያለ ይህን አደረገ ይሉኛል» ብዬ ፈራሁ። ያው ክራክ ከእኔ እጅ ወደ ሌሎች ሁለት ልጆች አልፎ ነበር። አንደኛው ገና አልጫነውም ነበርና ተረፈ። ሁለተኛው በዝምታዬ ስድስተኛ ቀን ላይ ጫነው፤ ከአገር ቤት ይዟቸው የመጣ የቤተሰቡ ፎቶግራፎች በሙሉ ተቆለፉ። የመጀመሪያው ጥፋት ካለማወቅ መጣ ሊባል ይችላል። ሁለተኛው ግን የሐፍረት ውጤት ነው፤ ያን ቀን ብናገር አይደርስም ነበር።

በእኛ መካከል የሚታዩ ሦስት አመለካከቶች

ከዚህ አደጋ በኋላ በመኖሪያችን ብዙ ክርክር ተካሂዷል። በክርክሩ ሦስት ዓይነት አመለካከቶች ስለታዩና ሦስቱም በሌሎች ከተሞች ባሉ ጓደኞቻችን ዘንድ እንደሚኖሩ ስለማምን አንድ በአንድ መመልከቱ ይጠቅማል።

አንደኛው አመለካከት «ጥፋቱ የላፕቶፑ ነው፤ የዲስክ ማስገቢያ የሌለው ዕቃ ጎደሎ ዕቃ ነው» የሚል ነው። ይህ ትክክል አይደለም። አፕል እ.ኤ.አ. በጥር 2008 ማክቡክ ኤር የተባለውን ስስ ላፕቶፕ ያለ ዲስክ ማስገቢያ ሲያወጣ ብዙ ሰው ተገርሞ ነበር፤ ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ላፕቶፖች እንደዚያው ናቸው። ምክንያቱም ፕሮግራም የሚጓጓዘው በኢንተርኔት ስለሆነ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጸረ ቫይረስን በዲስክ ማግኘት ያለው ጥቅም ትንሽ ነው። አዳዲስ ቫይረስ የሚወጣው በየቀኑ ነው፤ ዲስኩ ግን ፋብሪካ ውስጥ ከተቀዳ በኋላ በመጋዘንና በሱቅ መደርደሪያ ወራት ይቀመጣል። ስለዚህ ከዲስክ የተጫነ ጸረ ቫይረስ የመጀመሪያ ሥራው ወደ ኢንተርኔት ወጥቶ ከዲስኩ በኋላ የወጣውን ሁሉ ማምጣት ነው። ታዲያ እኅታችን የገዛችው ምንድን ነው? የገዛችው ዲስኩን አይደለም። የገዛችው በዚያች ማንም ልብ ባላላት ካርድ ላይ የታተመውን የፊደልና የቁጥር ቁልፍ ነው። ዲስኩ ማሸጊያ ነው፤ መድኃኒቱ ቁልፉ ነው። እኛ ማሸጊያው አልገባ ስላለን መድኃኒቱን መደርደሪያ ላይ ሰቅለን ከመንገድ ያገኘነውን ክኒን ዋጥን።

ሁለተኛው አመለካከት «እኛ ድሆች ነን፤ በስኮላርሺፕ ገንዘብ የሚኖር ተማሪ ከክራክ ሌላ ምን ምርጫ አለው?» የሚል ነው። ይህ አመለካከት እውነት የሚመስለው ስለ ድህነታችን እውነት ስለሚናገር ነው። መደምደሚያው ግን ስሕተት ነው። ዊንዶውስ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የራሱን ሙሉ ጸረ ቫይረስ፣ ዛሬ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር የሚባለውን፣ አብሮ ይዞ ይመጣል። ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዲስክም፣ ቁልፍም፣ ክራክም አያስፈልገውም። ማክ ያላችሁም ብትሆኑ አፕል የራሱን መከላከያ አብሮ አስገብቶላችኋል። ያን ዕለት ማታ ያጠፋነው ይህንኑ በነጻ የተሰጠንን ዘበኛ ነው። እንግዲህ ድሃው የሚያዋጣው የቱ ነው? ነጻ የሆነውና ቤቱ ድረስ የመጣለት ወይስ ወራት ያስከፈለው? ድህነት ለጥንቃቄ እንጂ ለክራክ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ሀብታም ላፕቶፑ ቢቆለፍበት ሌላ ይገዛል፤ እኛ ግን ሌላ ሴሚስተር የሚገዛልን የለም።

ሦስተኛው አመለካከት «ይህ የቴክኒክ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ እኛን የሐኪምና የመሐንዲስ ተማሪዎችን አይመለከተንም» የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሆን ሁለት ታሪክ ከሕክምናው ዓለም ላቅርብ።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1989 ወደ 20,000 የሚጠጉ ፍሎፒ ዲስኮች በፖስታ ተላኩ። ከተቀባዮቹ መካከል የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ኤድስ ያዘጋጀው ጉባኤ ተሳታፊዎች ነበሩበት። ዲስኩ ስለ ኤድስ መረጃ የሚሰጥ መሆኑ ስለተጻፈበት ተቀባዩ ያለ ጥርጣሬ ከኮምፒዩተሩ ከተተው። ኮምፒዩተሩ 90 ጊዜ ያህል ከተነሣ በኋላ ዲስኩ የፋይሎቹን ስም እየቆለፈ 189 ዶላር ፓናማ ወደሚገኝ የፖስታ ሣጥን እንዲላክ ጠየቀ። በታሪክ የመጀመሪያው ራንሰምዌር እየተባለ የሚጠቀሰው ይህ ነው። ልብ እንበል፤ መርዙ የመጣው የጤና ባለሙያው ይጠቅመኛል ብሎ ባመነው ዲስክ ውስጥ ነው። የእኛም ክራክ የመጣው በጓደኛ እጅ፣ በጸረ ቫይረስ ስም ነው። ስሙና መልኩ ዋስትና አይሆንም።

ሁለተኛው ታሪክ የቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር በአንድ ቀን ከአገር አገር ተዛመተ። በእንግሊዝ ከነበሩት 236 የመንግሥት የጤና ትረስቶች ቢያንስ 80ው ተነኩ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቀጠሮዎች ተሰረዙ፤ አንዳንድ ሆስፒታሎች ድንገተኛ ሕሙማንን ወደ ሌላ ቦታ እስከ መላክ ደረሱ። ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን ማሻሻያ ማይክሮሶፍት ያወጣው ግን መጋቢት 14 ቀን ነበር፤ ማለትም ከአደጋው ሁለት ወር ያህል በፊት። መድኃኒቱ ነበረ፤ ያልተወሰደ መድኃኒት ግን አያድንም። ነገ አገር ቤት ተመልሰን በምንሠራበት ሆስፒታል የሕሙማን ጉዳይ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር ፍላሹን የምናስገባው እኛ ነን፤ ማሻሻያውን «ነገ አስታውሰኝ» እያልን የምናሳልፈውም እኛው ነን። እኅታችን የእናቶቹን ስም በኮድ ቁጥር ተክታው ስለነበር ምስጢራቸው አልወጣም። ይህን ጥንቃቄ ባታደርግ ኖሮ ጉዳቱ በእሷ ላይ ብቻ አይቆምም ነበር።

ታዲያ በተግባር ምን እናድርግ?

ሂስ ያለ ተግባራዊ መፍትሔ ወሬ ነው። የዲስክ ማስገቢያ የሌለው ላፕቶፕ ያለው ሁሉ ማወቅ ያለበትን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፤ ምንም ከመጫናችሁ በፊት ቤታችሁ ያለውን ተመልከቱ። በዊንዶውስ 10ም ሆነ በ11 «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» የሚለውን ፈልጋችሁ ክፈቱ። የቫይረስ መከላከያው መብራቱን አረጋግጡ። አብሮ የመጣ የሙከራ ጸረ ቫይረስ ካለና ጊዜው ካለፈ አውጡት፤ የሞተ ዘበኛ በር ላይ ማቆም አይጠቅምም፤ እሱ ሲወጣ ዲፌንደር ቦታውን ይይዛል። ሁለት ጸረ ቫይረስ በአንድ ጊዜ ማሠራትም ጥንካሬ አይጨምርም፤ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ማሽኑንም ያዘገዩታል። ለዚህ ነው ሌላ ጸረ ቫይረስ ሲጫን ዲፌንደር ራሱ ቦታ የሚለቀው።

ሁለተኛ፤ ካርቶን ገዝታችሁ ከሆነ ዲስኩን ተዉትና ካርዱን ያዙ። በካርቶኑ ላይ የታተመውን የአምራቹን ድረ ገጽ አድራሻ በእጃችሁ ጻፉ። በፍለጋ ገጽ አናት ላይ የሚወጣውን ማስታወቂያ አትጫኑ፤ አስመሳይ ገጾች የሚያደቡት እዚያ ነው። በአድራሻው ገብታችሁ ቁልፉን ስታስገቡ ፕሮግራሙ ይወርዳል። ሊጫን ሲል ዊንዶውስ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የፕሮግራሙን አሳታሚ ስምም ያሳያል። ስሙ በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ካልተመሳሰለ ወይም አሳታሚው አይታወቅም ካለ እዚያው አቁሙ።

ሦስተኛ፤ ኢንተርኔት ደካማ ከሆነ ወይም ከተወደደባችሁ ሌላ መንገድ አለ። ዲስክ ማስገቢያ ባለው በታመነ ኮምፒዩተር ላይ የዲስኩን ይዘት በሙሉ ወደ ባዶ ፍላሽ ገልብጣችሁ ከፍላሹ መጫን ይቻላል። በዩኤስቢ ገመድ የሚሰካ የውጭ ዲስክ ማጫወቻ ተውሳችሁ መጠቀምም ይቻላል። በሁለቱም መንገድ ከተጫነ በኋላ ግን ማሻሻያውን ሳያወርዱ ሥራው አለቀ ማለት አይቻልም። ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን ማሻሻያ ለብቻው አውርዶ በፍላሽ መውሰድ እንዲቻልም አድርጓል፤ በቤተ መጻሕፍት ኢንተርኔት አውርዶ ወደ ክፍል መውሰድ ነው።

አራተኛ፤ የፍላሽ ንጽሕና። ሁላችንም አገር ቤት ሳለን «ሾርትካት ቫይረስ» የምንለውን አይተናል፤ ፎልደሮቹን ደብቆ በምትካቸው ሾርትካት ያስቀምጣል። ድሮ ፍላሽ ሲሰካ ቫይረሱ በራሱ ጊዜ ይነሣ ነበር። ዊንዶውስ 7 ይህን በር ዘጋው፤ ለቀደሙት ዊንዶውሶችም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 በማሻሻያ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሾርትካት ቫይረስ ለመነሣት የእኛን ጣት ይፈልጋል። ስለዚህ ፍላሽ ስትሰኩ አስቀድማችሁ በጸረ ቫይረሱ አስፈትሹት፤ ፎልደር መስሎ የተቀመጠ ሾርትካት ካያችሁ አትንኩት። አንድ መርፌ ለሁለት ሕመምተኛ አይወጋም፤ አንድ ያልተፈተሸ ፍላሽም ለሁለት ላፕቶፕ አይሰካም።

አምስተኛ፤ ቅጂ። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ጽሑፍ እንደሌለ ቁጠሩት። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ ከሦስቱ አንዱ ከላፕቶፑ ጋር ያልተገናኘ ይሁን፤ ተሰክቶ የሚኖር ሀርድ ዲስክ አብሮ ይቆለፋልና። አደጋው ከደረሰም ገንዘብ ከመክፈል በፊት ጠይቁ። የኔዘርላንድ ፖሊስና ዩሮፖል ከሁለት የጸረ ቫይረስ ኩባንያዎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 «ኖ ሞር ራንሰም» የተባለ አገልግሎት ጀምረዋል፤ ለብዙ የራንሰምዌር ዓይነቶች በነጻ መክፈቻ ይሰጣል። የእኅታችንን ፋይሎች ለቆለፈው ዓይነት መክፈቻ አላገኘንም። ቢሆንም የተቆለፉትን ፋይሎች አልደመሰሰችም፤ ዛሬ የሌለ መክፈቻ ነገ ሊወጣ ይችላልና አስቀምጣቸዋለች።

እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ችግር ሳልሸሽግ ማለፍ አልፈልግም። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። በመካከላችን ያሉ ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ደግሞ ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም። ለእነዚህ አባሎቻችን «አዲስ ግዙ» ማለት ምክር አይደለም። ቢያንስ የሕሙማን መረጃና የመመረቂያ ጽሑፍ እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ብቻውን አይቀመጥ። ከዚያ በላይ ግን ይህ በግል ሊፈታ የማይችል የጋራ ጉዳይ ስለሆነ ወደ ማኅበራችን እመጣለሁ።

ለማኅበሩ የቀረቡ ሐሳቦች

ሀ. ማኅበሩ አንድ በዩኤስቢ የሚሰካ ዲስክ ማጫወቻ ገዝቶ በጽሕፈት ቤቱ በውሰት ያስቀምጥ። ከአንድ ማታ የቡና ዝግጅት መዋጮ በላይ አይጠይቅም።

ለ. አዲስ ተማሪዎች ስንቀበል የመኖሪያ ፈቃድ ቅጽ አሞላል እንደምናሳያቸው ሁሉ በላፕቶፓቸው ላይ ያለውን መከላከያ አብረናቸው እንመልከት። ከኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎቻችን ሁለቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሰጡን ይበቃል። አሮጌ ላፕቶፕ ያላቸውም በዚያው ዕለት ምክር ያግኙ።

ሐ. የጋራ ፍላሽ ይቅር። ያለፉ ፈተናዎችና የትምህርት ማስታወሻዎች ዩኒቨርሲቲው በሰጠን የኢንተርኔት ማከማቻ በአንድ ቦታ ይቀመጡ፤ ተጠያቂ ይሰየምላቸው። ክራክ በዚያ እንዳይገባ ይከልከል።

መ. ይህ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ፍላሹ ወይም ላፕቶፑ የተበከለበት አባል በዚያው ዕለት ለሁሉም ያሳውቅ፤ ያሳወቀውም አይወቀስ፣ አይሳቅበት። በሕክምና ትምህርታችን ተላላፊ በሽታ ሲገኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከማን ጋር ተገናኝተሃል?» የሚል ነው። ሕመምተኛው ሐፍረት ይዞት ስም ከደበቀ በሽታው በሐፍረቱ ጥላ ሥር ይዛመታል። እኔ ስም ደበቅሁ። የደበቅሁት ስም ደግሞ የራሴን ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህን በስምህ ወይም ያለ ስምህ በመጽሔት ማውጣትህ ምን ይጠቅማል? እሷ ይቅር ብላሃለች» ብለውኛል። እውነት ነው፤ ይቅር ብላኛለች። ከነገርኳት ዕለት ማታ ጀምሮ የወረቀት ቅጾቹን እኔ እያነበብኩ እሷ እየጻፈች 132ቱን አብረን አስገብተናል። የእናቶቹን ዕድሜ፣ የእርግዝናውን ሳምንት፣ የሄሞግሎቢኑን መጠን ስጠራ ስንት ማታ እንዳመሸን አውቃለሁ። ነገር ግን የእሷ ይቅርታ ሌላ ከተማ ያለውን፣ ዛሬ ማታ ከጓደኛው ፍላሽ ሊቀበል የተዘጋጀውን ተማሪ አያድነውም። እሱን ሊያድነው የሚችለው መነገሩ ብቻ ነው።

ያቺ በመደርደሪያው ላይ የወጣች ካርቶን ከአደጋው በኋላ ወረደች። ላፕቶፑ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ከተጫነ በኋላ ካርዷን አወጣን፣ አድራሻውን በእጃችን ጻፍን፣ ቁልፉን አስገባን። ሰዓት ይዤ ነበር፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ዲስኩ ሳይነካ እስከ ዛሬ አለ፤ በወጥ ቤታችን ትኩስ ጀበና ይቀመጥበታል።

ስለዚህ ውድ እኅቶችና ወንድሞች፤ ዛሬ ማታ ዘበኛችሁ በር ላይ መኖሩን ተመልከቱ። ጽሑፋችሁን ሌላ ቦታ ቅዱ። ከዚህ በፊት ክራክ ያለበት ፍላሽ የሰጣችሁት ሰው ካለም ሳታመሹ ንገሩት።

ከሕክምና ፋኩልቲ፣ የአራተኛ ዓመት ተማሪ